ለስፖርት ፎቶ የትኛው የሴንሰር መጠን? ከሌንስ፣ ከርቀትና ከብርሃን ተነስቶ መምረጥ

የስፖርት ፎቶ ሥራ ለመጀመር የተነሱ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ "ፉል ፍሬም ልግዛ ወይስ ኤፒኤስ-ሲ ይበቃኛል?" ብለው ነው። ሁለቱ የሴንሰር፣ ማለትም ካሜራው ውስጥ ብርሃን የሚቀበለው ክፍል፣ መጠኖች ናቸው፤ ፉል ፍሬም ትልቁ፣ ኤፒኤስ-ሲ ከእሱ የሚያንሰው ነው። ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ሦስት ነገር መታወቅ አለበት፦ እጃችሁ ላይ ያለው ወይም ልትገዙት የምትችሉት ሌንስ፣ ከተጫዋቹ የምትርቁት ርቀት፣ ሜዳው ላይ ያለው ብርሃን። ትልቅ ሴንሰር ብልጫውን የሚያሳየው ተጫዋቹ ፍሬሙን ሲሞላው ነው። ሌንሱ አጥሮባችሁ ከፎቶው መሀል እየቆረጣችሁ የምታወጡ ከሆነ፣ የከፈላችሁበትን የሴንሰር ስፋት አብራችሁ ቆርጣችሁ ትጥሉታላችሁ። ስለዚህ የምመክረው ቅደም ተከተል ብዙ ሰው ከሚከተለው የተገላቢጦሽ ነው፤ መጀመሪያ ሌንስ ይመረጣል፣ ሴንሰሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ልኮቹን እናስቀምጥ። ፉል ፍሬም 36 በ24 ሚሊሜትር ነው፤ ስፋቱ 864 ካሬ ሚሊሜትር ይሆናል። የኒኮን፣ የሶኒና የፉጂፊልም ኤፒኤስ-ሲ 23.5 በ15.6 ገደማ ሆኖ 367 ካሬ ሚሊሜትር ይሰጣል። የካኖን ጥቂት ያንሳል፤ 22.3 በ14.9 ገደማ ነው። ከዚያም የሚያንሰው የሴንሰር ልክ፣ ማይክሮ ፎር ሰርድስ፣ 17.3 በ13 ሲሆን ስፋቱ 225 ካሬ ሚሊሜትር ነው። በአንድ ዓይነት አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) እና የሹተር ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ፉል ፍሬም ከኤፒኤስ-ሲ 2.35 እጥፍ፣ ከማይክሮ ፎር ሰርድስ ደግሞ 3.8 እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። በስቶፕ ሲነገር (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑ እጥፍ ሲሆን ወይም በግማሽ ሲቀንስ ነው) ልዩነቱ 1.2 እና 2 አካባቢ ነው። በተግባር በፉል ፍሬም አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበት ልክ) 6400 ላይ የምታዩት ኖይዝ (ፎቶውን የሚያሻክረው ነጠብጣብ) በኤፒኤስ-ሲ 2700፣ በማይክሮ ፎር ሰርድስ 1600 አካባቢ ላይ ይመጣል ማለት ነው። ይህ ስሌት የሚሠራው የሴንሰሮቹ ዘመን ተቀራራቢ ሲሆንና ፎቶው ሳይቆረጥ ሙሉውን ሲታይ ነው። ሁለተኛው ቅድመ ሁኔታ ብዙ ሰው የሚረሳው ነው።

ባለሙያዎቹም ቢሆኑ ከመጀመሪያው በፉል ፍሬም አልሠሩም። በ1999 የወጣው ኒኮን ዲ1 በኤፒኤስ-ሲ ልክ የተሠራ ባለ 2.7 ሜጋፒክስል ካሜራ ነበር። ካኖን በ2001 ያወጣው 1ዲ ከፉል ፍሬም በ1.3 የሚያንስ ሴንሰር ነበረው፤ ያ ልክ በስፖርት ፎቶ አንሺዎች እጅ አሥር ዓመት ቆየ። ኒኮን በ2007 ዲ3ን ፉል ፍሬም አድርጎ ሲያወጣ ሚዛኑን የለወጠው የማታ ጨዋታ ነው፤ አይኤስኦ 6400 ለጋዜጣ የሚሆን ፎቶ መስጠት ጀመረ። ካኖንም በ2011 1ዲኤክስን ሲያስተዋውቅ የ1.3ቱን መስመር ዘጋው። ዛሬ የሦስቱም ዋና የስፖርት ካሜራዎች፣ የኒኮን ዜድ9፣ የካኖን አር1 እና የሶኒ ኤ9 ማርክ 3፣ ፉል ፍሬም ናቸው። ነገር ግን እነዚህን የሚይዙት ሰዎች ከፊት ያሰሩት ባለ 400 ወይም ባለ 600 ሚሊሜትር ሌንስ ነው (ቁጥሩ ሲያድግ ሌንሱ ይበልጥ ያቀርባል)። የካሜራውን አካል ብቻ አይቶ መከተል ስህተት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ርቀቱን በሜትር አስሉት

እግር ኳስን እንውሰድ። አንድ ተጫዋች ከነእጁና ከነኳሱ በአግድም ፍሬም ውስጥ ደህና ሆኖ እንዲገባ ከላይ እስከ ታች 2.4 ሜትር የሚሆን ቦታ ያስፈልገዋል። ፉል ፍሬም ከፍታው 24 ሚሊሜትር ስለሆነ ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የሌንሱን ሚሊሜትር ለ10 ስታካፍሉት ተጫዋቹ ፍሬሙን የሚሞላበትን ርቀት በሜትር ታገኛላችሁ። በ200 ሌንስ 20 ሜትር፣ በ300 30 ሜትር፣ በ400 40 ሜትር። በኤፒኤስ-ሲ የምታካፍሉት ለ6.5 ነው፤ 200ው 31 ሜትር፣ 300ው 46፣ 400ው 61 ሜትር ይደርሳል። በማይክሮ ፎር ሰርድስ ለ5.4 ታካፍላላችሁ፤ 200ው 37፣ 300ው 55 ሜትር ይሆናል።

አሁን ሜዳው ላይ እንቀመጥ። የተለመደው ቦታ ከግብ መስመሩ ጀርባ፣ በማዕዘን ባንዲራውና በፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ መካከል፣ ከመስመሩ አራት ሜትር ያህል ወደኋላ ነው። ከዚያ እስከ ፍጹም ቅጣት ምት መምቻው ነጥብ 31 ሜትር ገደማ ነው። እስከ ክልሉ ጫፍ ያለው ከፊል ክብ 36 ሜትር ይሆናል። የመሀል ሜዳው ክብ ከ60 ሜትር በላይ ነው። በማዶ በኩል ያለው የፍጹም ቅጣት ምት ነጥብ 100 ሜትር ያልፋል።

እነዚህን ቁጥሮች ከላዮቹ ጋር አያይዟቸው። ባለ 70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) በኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ላይ ከሆነ፣ ጎል የሚቆጠርበትን አካባቢ ከሞላ ጎደል ይሸፍናል። ያው ሌንስ በፉል ፍሬም ላይ ሲሆን ተጫዋቹ ከፍሬሙ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ይይዛል፤ ለመሙላት 300 ያስፈልጋል። ለመሀል ሜዳ ፉል ፍሬም 600 ሲጠይቅ ኤፒኤስ-ሲ በ400 ይጨርሳል። ማዶውን ግን በየትኛውም ሴንሰር እርሱት። በተለይ ድሬዳዋን በመሰለ ሞቃት ቦታ ቀን ላይ፣ በእናንተና በተጫዋቹ መካከል ያለው ትኩስ አየር ይንቀጠቀጣል፤ ፊቱ ውኃ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ይወጣል፣ ፎከሱም ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው ይዋልላል። ብዙ ሰው ይህንን አይቶ ሌንሱን ወይም ካሜራውን ይጠረጥራል። መፍትሔው ኳሱ 50 ሜትር ውስጥ እስኪገባ ጣትን መያዝ ነው።

ትንሽ ሴንሰር በቅርብ ርቀት ይጎዳል። ጎል አግቢው ደስታውን ለመግለጽ ወደ እናንተ ሮጦ አምስት ሜትር ላይ ሲደርስ፣ በኤፒኤስ-ሲ ላይ ያለ 70 ሚሊሜትር የሚያሳያችሁ 1.1 ሜትር ከፍታ ብቻ ነው፤ ከወገብ በታች የለም፣ የተዘረጉ እጆችም ተቆርጠዋል። ካሜራውን በቁም ማዞር ጥቂት ያድናል። አስተማማኙ ግን ባለ 24-70 የታሰረበት ሁለተኛ ካሜራ ከትከሻ ላይ ማንጠልጠል ነው።

"ኤፒኤስ-ሲ ያቀርባል" ሲባል ምን ማለት ነው?

ትንሽ ሴንሰር ሌንሱን አያስረዝመውም፤ የሚያየውን ያጠባል። በ31 ሜትር ላይ ሁለት ካሜራ በአንድ ዓይነት 200 ሌንስ ብታነሱና የፉል ፍሬሙን ፎቶ በኤፒኤስ-ሲ ልክ ብትቆርጡት፣ ሁለቱ በኖይዝም በባክግራውንድ ድብዛዜም አንድ ናቸው። የሚለያዩት ተጫዋቹ ላይ ባረፈው የፒክስል ብዛት ነው። ባለ 24 ሜጋፒክስል ፉል ፍሬም ሲቆረጥ 10 ሜጋፒክስል ይተርፈዋል። ኤፒኤስ-ሲ ከሆኑት ኒኮን ዲ500 በዚያው ስፋት ላይ 21፣ ካኖን አር7 ደግሞ 32 ያሳርፋል። ባለ 45 ሜጋፒክስሉ ዜድ9 በኤፒኤስ-ሲ ልክ ሲቆረጥ 19 ስለሚሰጥ ዲ500ን በውስጡ ይዟል ማለት ይቻላል። ገንዘቡ ላለው ሰው የመጠን ክርክሩ በዚህ ዓይነት ካሜራ ያበቃለታል።

ስንት ፒክስል ይበቃል? ለድረ ገጽና ለማኅበራዊ ሚዲያ ረጅሙ ጎን 2000 ፒክስል ከሆነ ምንም አይጎድለውም። 28 ሴንቲሜትር ስፋት ላለው የጋዜጣ ገጽ በኢንች 200 ነጥብ ቢታተም 2200 ፒክስል ይበቃል። ያ ከባለ 24 ሜጋፒክስል የተቆረጠው 10 ሜጋፒክስል ወርዱ ወደ 3900 ፒክስል ነው። ስለዚህ ባለ 24 ፉል ፍሬም ላይ 200 ሌንስ ብቻ ያለው ሰው ለዜና ሥራ አይቸገርም። የሚቸገረው ከዚያም በላይ ሲቆርጥ ወይም ለትልቅ ፖስተር ሲጠየቅ ነው።

ከቴሌኮንቨርተር ጋርም አነጻጽሩት። በሌንሱና በካሜራው መካከል ገብቶ 1.4 እጥፍ የሚያስረዝመው ቴሌኮንቨርተር አንድ ስቶፕ ብርሃን ይወስዳል። ኤፒኤስ-ሲ 1.5 እጥፍ ያጠብባል፣ የሚያስቀርባችሁ ብርሃን 1.2 ስቶፕ ነው። በሌላ አነጋገር ፉል ፍሬም ከነ 1.4ቱ ቴሌኮንቨርተር ኤፒኤስ-ሲ ለመሆን የቀረበ ነው፤ ማታ ሲሆን ግን ነቅላችሁ ኪስ ውስጥ ትከቱታላችሁ፣ ትንሽ ሴንሰርን ግን መንቀል አይቻልም። በጥሩ ባለ አንድ ርዝመት ሌንስ ላይ 1.4ቱ የጥራት ጉዳቱ ቀላል ነው። ባለ 2 እጥፉ ሁለት ስቶፕ ይወስዳል፣ ፎከሱንም ያዘገያል፤ ቀን ካልሆነ አልመክረውም።

ብርሃኑን ሳትለኩ አትወስኑ

በማታ ጨዋታና በጂምናዚየም ሥራ ሁሉንም ስሌት የሚወስነው ሉክስ፣ ማለትም የብርሃን መጠን መለኪያው፣ ነው። ስልክ ላይ የሚጫን የብርሃን መለኪያ ፍጹም ትክክል ባይሆንም ለግምት ይረዳል፤ በተጫዋች ፊት ከፍታ ይዛችሁ የስልኩን ስክሪን ወደምትቀመጡበት አቅጣጫ አዙሩት፣ ምክንያቱም መሬት ላይ የሚወርደው ብርሃን ፊት ላይ ከሚያርፈው ይበልጣል። ከዚያ 2 ሚሊዮንን ለተገኘው ሉክስ አካፍሉ። የሚመጣው ቁጥር በኤፍ 2.8 እና በ1/1000 ሰከንድ የሚያስፈልጋችሁ አይኤስኦ ነው። 2000 ሉክስ ላይ 1000፣ 500 ሉክስ ላይ 4000፣ 200 ሉክስ ላይ 10000 ይሆናል። ሌንሱ ኤፍ 4 ከሆነ በ2፣ ኤፍ 5.6 ከሆነ በ4 ታባዛላችሁ።

እንግዲህ 500 ሉክስ ባለው ሜዳ ሁለት ሰዎች ቆሙ እንበል። አንዱ በኤፒኤስ-ሲ ላይ 200 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ይዟል፤ አይኤስኦው 4000 ነው። ሌላው በፉል ፍሬም ላይ ባለ 150-600 ሌንስ ይዞ ያንኑ ፍሬም ለማግኘት 300 ላይ አድርጎታል፤ አፐርቸሩ ኤፍ 5.6 ስለሆነ 16000 ላይ ወጥቷል። የፉል ፍሬሙ 1.2 ስቶፕ ብልጫ የሌንሱን ሁለት ስቶፕ ዕዳ አይከፍልም። ባለ ትንሹ ሴንሰር ፎቶ የተሻለ ሆኖ ይወጣል፣ ባክግራውንዱም ይበልጥ ይለሰልሳል። ለዚህ ነው ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው አሮጌ ኤፒኤስ-ሲ ካሜራ ገዝቶ የቀረውን ኤፍ 2.8 ሌንስ ላይ ቢያውል ይሻለዋል የምለው። ውድ ፉል ፍሬም ገዝቶ ጨለማ ሌንስ ያሰረ ሰው የከፈለበትን አያገኝም።

ሁለቱም ኤፍ 2.8 ከያዙ፣ አንዱ ፉል ፍሬም ከ300 ወይም ከ400 ጋር ሌላው ኤፒኤስ-ሲ ከ200 ወይም ከ300 ጋር ከሆነ ግን ፉል ፍሬሙ ያሸንፋል፤ በተለይ ከ500 ሉክስ በታች ምንም የሚተካው የለም። 400 ኤፍ 2.8 ፊት ለፊት ያለው መስታወት 143 ሚሊሜትር ያህል የሚከፈት ነው፣ የ200ው 71 ነው። ብርሃኑን የሚያስገባው ያ ቀዳዳ ነው፤ ዋጋውም ክብደቱም የሚመጣው ከዚያው ነው። የካኖን አሮጌው 400 ኤፍ 2.8 ማርክ 2 3.85 ኪሎ ይመዝናል፣ አዲሶቹ የካኖንና የሶኒ 2.9 ኪሎ አካባቢ ደርሰዋል። ያለ ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር ማቆሚያ) 90 ደቂቃ የሚያዝ አይደለም።

የሴንሰር መጠን ቀን ላይም የሚታይበት አንድ ቦታ አለ፤ ጥቁር ቆዳ በቀትር ፀሐይ። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ፀሐዩ አናት ላይ ሲሆን ነጭ ማሊያ በጣም ይነጣል፣ የተጫዋቹ ዓይንና ጉንጭ ደግሞ ጥላ ውስጥ ይገባል። ካሜራው ለማሊያው ብሎ ያጨልመዋል። በኋላ ኮምፒውተር ላይ ጥላውን ሁለት ስቶፕ ስታነሱት ትንሹ ሴንሰር ጉንጩ ላይ ቀይና አረንጓዴ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ቆዳውም ግራጫ ይሆናል። ስለዚህ መለኪያውን ለካሜራው አትተዉት። ማንዋል ላይ አድርጋችሁ ፊቱ በደንብ እስኪታይ ክፈቱ፣ ሂስቶግራሙ (የብርሃኑን ስርጭት የሚያሳየው ግራፍ) በቀኝ በኩል የማሊያውን ጫፍ ትንሽ ቢነካ ግድ የለም። ይህንን በካሜራው ውስጥ ካስተካከላችሁ በቀን ብርሃን ኤፒኤስ-ሲና ፉል ፍሬምን ለይቶ የሚያውቅ አንባቢ አይኖርም።

ሴንሰሩ የሚነበብበት ፍጥነት

መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራ የምትገዙ ከሆነ ከመጠኑ እኩል መጠየቅ ያለበት ሴንሰሩ ከላይ እስከ ታች ተነብቦ ለማለቅ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ካኖን አር7 በኤሌክትሮኒክ ሹተር (መጋረጃ ሳይንቀሳቀስ ሴንሰሩ ብቻ ሲያነሳ) 30 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይፈጃል። ዜድ9 ከ4 ሚሊሰከንድ በታች ይጨርሳል። ልዩነቱን ኳሱ ላይ ታዩታላችሁ። በሰከንድ 25 ሜትር የሚሄድ ኳስ 2.4 ሜትር በሚያሳይ ፍሬም ውስጥ ካለ፣ በዘገምተኛው ሴንሰር ከኳሱ አናት እስከ ታቹ እስኪነበብ ድረስ ወደ 7 ሴንቲሜትር ይራመዳል። የኳሱ ወርድ 22 ሴንቲሜትር ስለሆነ እንቁላል ሆኖ ይወጣል፤ የሯጭ እግርና የቴኒስ ራኬትም ይጎብጣል። በፈጣኑ ሴንሰር እርምጃው ከ1 ሴንቲሜትር አይበልጥም። ይህ ጉዳት የሹተር ፍጥነትን 1/4000 ብታደርጉትም አይጠፋም። አር7ን የመሰለ ካሜራ ካላችሁ ለስፖርት ሜካኒካል ሹተሩን ተጠቀሙ፤ በሰከንድ 15 ፎቶ ይሰጣችኋል፣ ከበቂ በላይ ነው።

ከኤፒኤስ-ሲ ወገን ይህ ችግር የተቀረፈበት የ2022ቱ ፉጂፊልም ኤክስ-ኤች2ኤስ ነው፤ ከማይክሮ ፎር ሰርድስ ደግሞ የዚያው ዓመቱ ኦኤም-1። የሶኒ ኤ9 ማርክ 3 ሴንሰሩን በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ ምንም ነገር አይጎብጥበትም፤ በምትኩ ዝቅተኛ አይኤስኦው ከ250 ይጀምራል።

የመብራት ብልጭታም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርትዝ ስለሆነ ብዙ የስቴዲየምና የአዳራሽ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃል፣ ይፈዛል። በ1/1000 የምታነሱት የዚያን ዑደት አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ አንዱ ፎቶ ደማቅ፣ ቀጣዩ ቢጫና ጨለማ ይሆናል። አሜሪካ ያለ አንባቢ 60 ኸርትዝ ላይ ስለሆነ በሰከንድ 120 ብሎ ያስብ። ካሜራችሁ ፀረ-ብልጭታ ማስተካከያ ካለው ክፈቱት፤ መብራቱ የሚደምቅበትን ቅጽበት ጠብቆ ያነሳል፣ ፍጥነቱ በጥቂቱ ይቀንሳል። የኒኮን ዲ500፣ የካኖን 7ዲ ማርክ 2 እና ከዚያ በኋላ የመጡት የስፖርት ካሜራዎች አላቸው።

አዳራሽ፣ ጎዳና፣ ትራክ

ቅርጫት ኳስና መረብ ኳስ ላይ ችግሩ ርቀት መሆኑ ይቀርና ብርሃን ይሆናል። ብዙ ጂምናዚየም 200 ሉክስ አካባቢ ነው፤ ኤፍ 2.8 አይኤስኦ 10000 ይጠይቃል። እዚህ ኤፒኤስ-ሲ ያለው ሰው መውጫ መንገዱ 85 ኤፍ 1.8 ነው። ኤፍ 1.8 ከ2.8 በ1.3 ስቶፕ ስለሚከፈት የሴንሰሩን ጉዳት ሙሉ በሙሉ ይክሳል፤ አይኤስኦውም ወደ 4000 ይወርዳል። ሌንሱ ከ70-200 በብዙ እጥፍ ይረክሳል። ከቅርጫቱ ሥር ለሚሆነው 50 ኤፍ 1.8 ጨምሩበት። የምታጡት ማቅረብና ማራቅን ነው፤ ቦታችሁን አስቀድማችሁ መምረጥ ይኖርባችኋል። የፎከሱ ጥልቀትም ቀጭን ስለሆነ ነጥቡን ፊት ላይ እንጂ ኳሱ ላይ አታድርጉ።

በየዓመቱ የሚካሄደውን ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያን ለመሰለ የጎዳና ሩጫ የሴንሰር መጠን ብዙም አያሳስብ። ብርሃኑ የጠዋት ፀሐይ ነው፣ ሯጩ በአጠገባችሁ ያልፋል፣ ሕዝቡን ለማሳየት ሰፊ ሌንስ ትፈልጋላችሁ። 24-70 በፉል ፍሬም፣ ወይም ከ16 ወይም ከ17 የሚጀምር ዙም በኤፒኤስ-ሲ። በትራክ ላይ ከመጨረሻው መስመር ፊት ለፊት ለሚቆም ሰው ግን እንደ እግር ኳሱ ነው፤ 300 ወይም 400 በኤፒኤስ-ሲ፣ ቀን ከሆነ ኤፍ 4 ይበቃል፣ ሹተር 1/1000።

ማይክሮ ፎር ሰርድስን ቀን ለሚሠራና ብዙ ለሚጓዝ ሰው እመክራለሁ፤ 300 ኤፍ 4 ከእጅ ሳይከብድ የ600ን ዕይታ ይሰጣል። ማታ በ500 ሉክስ ግን አልይዘውም። ባለ አንድ ኢንች ሴንሰሩ ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 ሌንሱ አብሮት የተሠራ፣ በፉል ፍሬም ሲለካ ከ24 እስከ 600 የሚደርስ ዕይታ የሚሰጥ ነው፤ ለክለብ ገጽና ለትምህርት ቤት ውድድር በፀሐይ ብርሃን ጥሩ ሥራ ይሠራል፣ ባክግራውንዱ ግን አይደበዝዝም። ከፉል ፍሬም የሚበልጡት የሚዲየም ፎርማት ካሜራዎች ለቡድን ፎቶና ለማስታወቂያ ናቸው።

እኔ የማምንበት ቅንጅት ሁለት አካል ነው፤ አንድ ኤፒኤስ-ሲ፣ አንድ ፉል ፍሬም፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት የሌንስ ማሰሪያ ያላቸው። ቀን ላይ ረጅሙ ሌንስ ኤፒኤስ-ሲው ላይ፣ አጭሩ ፉል ፍሬሙ ላይ ይሆናል። መብራት ሲበራ ይቀያየራሉ። ለምሳሌ የኒኮን ዲ500 ከፉል ፍሬሙ ዲ5 ጋር በጣም ይጣጣማል፤ ሁለቱም ባለ 153 ነጥብ አንድ ዓይነት የፎከስ ክፍል ነው ያላቸው። በዲ500 ነጥቦቹ ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር ሲሸፍኑ በዲ5 መሀሉ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ያ ለኤፒኤስ-ሲው ራሱን የቻለ ጥቅም ነው። ለዚህ ቅንጅት ሌንስ ስትገዙ የፉል ፍሬም ሌንስ ብቻ ግዙ። ለኤፒኤስ-ሲ ብቻ የተሠራው የካኖን ኢኤፍ-ኤስ ሌንስ መስታወት ባለው የካኖን ፉል ፍሬም አካል ላይ ጭራሽ አይገባም፤ የኒኮን አቻው ዲኤክስ ሌንስ ይገባል፣ ግን ፎቶውን ይቆርጠዋል። ሲግማ 120-300 ኤፍ 2.8 ያገለገለ ከተገኘ ለኤፒኤስ-ሲ ከሁሉ የምመርጠው ነው፤ የ180-450 ዕይታ በቋሚ 2.8፣ ክብደቱን ለቻለ።

ፋይሉንም አስቡበት። ባለ 45 ሜጋፒክስል ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ) ፋይል 50 ሜጋባይት አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ በሰከንድ 20 ስታነሱ ካርዱም ላፕቶፑም ይጨነቃል። በዕረፍት ሰዓት ከስቴዲየም በሞባይል ዳታ የምትልኩ ከሆነ ከሮው ጎን መካከለኛ መጠን ያለው ጄፔግ እንዲቀመጥ አድርጉና ረጅሙን ጎን 2500 ፒክስል አድርጋችሁ ላኩ። አንድ ሜጋባይት ተኩል አይሞላም።

አብዛኛው የስፖርት ካሜራ እኛ ጋ የሚደርሰው አገልግሎ ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው እጅ ነው፤ ስለዚህ ሴንሰሩን ሳትፈትሹ ገንዘብ አትስጡ። አይኤስኦ 100፣ ኤፍ 16 አድርጋችሁ ፎከሱን አደብዝዛችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ሰማይ አንሱ። ድቡልቡል ግራጫ ነጥብ አቧራ ነው፣ ይጸዳል፤ ቀጭን ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ ጭረት ነው፣ ተዉት። በትንሽ ሴንሰር አቧራው ጎልቶ ይታያል፣ ፎቶው ይበልጥ ስለሚጎላ። ቀጥሎ የሌንሱን ክዳን ሳትከፍቱ በአይኤስኦ 3200 ለአንድ ሰከንድ አንሱና ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ እዩ፤ ጥቂት ቀይና ሰማያዊ ነጥብ የተለመደ ነው፣ ሙሉ የቆመ መስመር ካለ ግን ሴንሰሩ ተጎድቷል። የሹተር ቆጠራውንም ጠይቁ። የዲ500 እና የ7ዲ ማርክ 2 ሹተር ለ200,000፣ የዲ5 እና የ1ዲኤክስ ለ400,000 የተሠራ ነው። ከቁጥሩ ያለፈ ካሜራ ወዲያው ይሞታል ማለት አይደለም፤ ዋጋው ላይ ግን የሹተር መቀየሪያው መታሰብ አለበት። በመጨረሻም የራሳችሁን ሌንስ አስራችሁ ወደ እናንተ የሚሮጥ ሰው በተከታታይ አንሱ፤ ከአሥሩ ሰባቱ ዓይኑ ላይ ካልጠሩ ሌላ ካሜራ ፈልጉ።